ትልቁ ፕራይም ቁጥር ምስጢር አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

እስካሁን ከታወቁት ፕራይም ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ስለሆነው ቁጥር በአማርኛ የቀረበ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይቼ እኔም አነበብኩት። ቁጥሩ 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ነው፤ 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ ላይ 1 ሲቀነስ ማለት ነው። ተዘርዝሮ ቢጻፍ 41,024,320 አኃዞች አሉት። የተገኘው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ፕራይም ወይም ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ቁጥር መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ቁጥሩ የፕራይሞች መጨረሻ ነው፤ ከእሱ በታች ያሉትም ተለቅመው አልቀዋል። የተገኘው ፕራይም በሚያመርት ቀመር ነው። ፕራይም መሆኑን ግን ማንም በትክክል አላረጋገጠም፤ ከግዝፈቱ በቀርም ስለ እሱ የሚታወቅ ነገር የለም። ፕራይሞች በጠቅላላው ምንም ሕግ የላቸውም። ፍለጋው የኤሌክትሪክ ብክነት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥሩ የባንኮች ምስጢራዊ ቁልፍ ነው።

ጸሐፊው ስለ ሒሳብ በአማርኛ ለመጻፍ መነሳታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በብዛት ያስፈልገናል። የማልስማማው በጽሑፉ መንፈስ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቁጥሩን ሰው ሊደርስበት የማይችል ምስጢር አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ይህ ቁጥር ትልቁ የታወቀ ፕራይም ሊሆን የቻለው ቅርጹ ቀላል ስለሆነና ስለ እሱ ብዙ ነገር በእርግጠኝነት ማወቅ ስለሚቻል ነው።

ከመጨረሻነቱ ልጀምር። ፕራይሞች ማለቂያ እንደሌላቸው የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ላይ አረጋግጧል። ጽሑፉም ዩክሊድን ይጠቅሳል፤ የጠቀሰበት መንገድ ግን የተሳሳተ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት የታወቁትን ፕራይሞች ሁሉ አባዝተን 1 ብንደምር ውጤቱ ራሱ አዲስ ፕራይም ይሆናል፤ ኮምፒውተሮች ይህን ማስላት ስላቃታቸው ፍለጋው እዚህ ላይ ቆሟል። እስቲ በትንንሾቹ እንሞክረው። 2 × 3 × 5 × 7 × 11 × 13 = 30,030 ነው። 1 ስንጨምርበት 30,031 ይሆናል። ይህ ፕራይም አይደለም፤ 59 × 509 ነው። ዩክሊድ ውጤቱ የግድ ፕራይም ይሆናል አላለም። እሱ ያለው ውጤቱን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ፕራይም ቢፈለግ በዝርዝራችን ካሉት አንዱ ሊሆን አይችልም ነው፤ በዝርዝሩ ባለ በማንኛውም ፕራይም ሲካፈል 1 ይቀራልና። እነሆ 59ም ሆነ 509 በዝርዝራችን አልነበሩም። ማረጋገጫው የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ለመቆምም ኮምፒውተር አያስፈልገውም።

እንዲያውም ከዚህ የጠበቀ ነገር እናውቃለን። ሩሲያዊው ቼቢሼቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳረጋገጠው፣ ከ1 የሚበልጥ የትኛውንም ቁጥር ብንወስድ በእሱና በእጥፉ መካከል ቢያንስ አንድ ፕራይም አለ። ስለዚህ ከ2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 በላይ፣ ከእጥፉ በታች፣ ፕራይም እንዳለ ጥርጥር የለውም። የትኛው ቁጥር እንደሆነ ግን በዓለም ላይ አንድም ሰው ሊጠቁም አይችልም። «ትልቁ ፕራይም» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው «ትልቁ የታወቀ ፕራይም» ነው፤ ሙሉ ልዩነቱም «የታወቀ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ከእሱ በታች ያሉት ተለቅመው አልቀዋል ስለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀደም ሲል ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረው በ2018 የተገኘው 2⁸²⁵⁸⁹⁹³³ − 1 ነበር፤ 24,862,048 አኃዞች አሉት። በሁለቱ መካከል ያሉት ፕራይሞች ብዛታቸው ራሱ ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዝ ባለው ቁጥር የሚገለጽ ነው። ከእነዚያ ውስጥ ለይተን የምናውቀው እስካሁን አንድም የለም። ፍለጋው ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ሳይሆን፣ መፈተን የሚቻሉትን ልዩ ቅርጽ ያላቸውን ቁጥሮች ብቻ እየመረጠ የሚሄድ ነው።

ወደ ቀመሩ እንምጣ። 2ን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ ላይ 1 በመቀነስ የሚገኙት ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማረን መርሴን ስም ይጠራሉ፤ ስንት ሁለቶች እንደሚባዙ የሚነግረውን ከላይ በትንሹ የሚጻፈውን ቁጥር አርቢ እንለዋለን። ጽሑፉ አርቢው ፕራይም ከሆነ ውጤቱም ፕራይም ነው ይላል፤ ለአስረጅም 2² − 1 = 3፣ 2³ − 1 = 7፣ 2⁵ − 1 = 31፣ 2⁷ − 1 = 127 እያለ ይደረድራል። አራቱም ትክክል ናቸው። ጸሐፊው አንድ እርምጃ ቢቀጥሉ ኖሮ ግን ቀመሩ ይከሽፍባቸው ነበር። ቀጣዩ ፕራይም አርቢ 11 ነው፤ 2¹¹ − 1 = 2,047፣ ይህም 23 × 89 ነው።

እውነታው በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ነው። አርቢው ፕራይም ካልሆነ ውጤቱ ፈጽሞ ፕራይም አይሆንም፤ ለምሳሌ 2¹⁵ − 1 = 32,767 የግድ በ2³ − 1 እና በ2⁵ − 1፣ ማለትም በ7 እና በ31 ይካፈላል። አርቢው ፕራይም ሲሆን ግን በሩ ተከፈተ ማለት እንጂ ተገባ ማለት አይደለም። እስከ 136,279,841 ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ ፕራይም አርቢዎች አሉ። ከነዚያ ሁሉ ውስጥ ፕራይም እንደሚሰጡ የታወቁት 52 ብቻ ናቸው። ፕራይም የሚያመርት ቀመር ቢሆን ኖሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ውጤቶች በእጃችን በነበሩ።

መርሴን ራሱ በዚህ ተሳስቷል። በ1644 ባሳተመው ሥራ እስከ 257 ካሉት አርቢዎች ፕራይም የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ናቸው አለ። 67 እና 257 ስህተት ነበሩ፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ አምልጠውታል። ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትሾ እስኪታረም 300 ዓመት ፈጀ።

የ67 ታሪክ ለክርክራችን ልዩ ዋጋ አለው። 2⁶⁷ − 1 ተዘርዝሮ ሲጻፍ 147,573,952,589,676,412,927 ነው። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ ይህ ቁጥር ፕራይም አለመሆኑን በ1876 አረጋገጠ፤ ነገር ግን አንድም አካፋዩን አላገኘም። አካፋዮቹ እስኪታወቁ ሌላ 27 ዓመት አለፈ። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1903 ለሒሳብ ባልደረቦቹ 193,707,721 × 761,838,257,287 መሆኑን አሳየ። ልብ በሉ፤ ስለ አንድ ቁጥር ፕራይም አለመሆን እርግጠኛ ለመሆን አካፋዩን ማግኘት ግዴታ እንዳልሆነ ከ150 ዓመት በፊት ገደማ ታውቋል። ኮልም ቢሆን ያገኘውን ቁጥር ሁሉ እየሞከረ አልነበረም። አርቢው ጎዶሎ ፕራይም ሲሆን የመርሴን ቁጥር ማንኛውም ፕራይም አካፋይ በአርቢው እጥፍ ሲካፈል 1 ይቀረዋል። የ67 እጥፍ 134 ነው፤ 193,707,721ን ለ134 ብታካፍሉት 1,445,580 ደርሶ በትክክል 1 ይቀራል። በ2,047 ላይም ይኸው ነው፦ የ11 እጥፍ 22 ሲሆን 23 = 22 + 1፣ 89 ደግሞ 4 × 22 + 1 ነው። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕግ ያለበትን ነገር ምስጢር ማለት አይገባም።

ጽሑፉ በዚሁ አንቀጽ ሌላም ሐሳብ ያነሳል፤ ከቀመሩ የወጣውን ፕራይም መልሶ አርቢ ማድረግ ሁልጊዜ አዲስ ፕራይም ይሰጣል ይላል። ከ2 ተነስተን 3፣ ከ3 ተነስተን 7፣ ከ7 ተነስተን 127 እናገኛለን፤ 2¹²⁷ − 1ም ፕራይም ነው፣ እሱንም ሉካስ በ1876 በእጅ ስሌት አረጋግጦታል። ውበቱ ይማርካል። ነገር ግን 2¹³ − 1 = 8,191 ፕራይም ሆኖ ሳለ፣ 2⁸¹⁹¹ − 1 ፕራይም አለመሆኑ በ1953 በኮምፒውተር ተረጋግጧል። ስለዚህ «ሁልጊዜ» የሚለው ወድቋል። ከ2 የተነሳው ሰንሰለት ራሱ ከ2¹²⁷ − 1 በኋላ ይቀጥል አይቀጥል ማንም አያውቅም፤ ቀጣዩ ቁጥር እጅግ ከመግዘፉ የተነሳ ዛሬ ያለው ፈተና አይደርስበትም።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን፤ ማረጋገጫው። ጸሐፊው እንዲህ ይከራከራሉ፦ ፕራይምነትን ለማረጋገጥ በትንንሾቹ ሁሉ ማካፈል ያስፈልጋል፤ 41 ሚሊዮን አኃዝ ላለው ቁጥር ይህ አይቻልም፤ ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የሰጡን ግምት ነው። ለዚህም «ፕራይም ሳይሆን አይቀርም» የሚል አገላለጽ በዜናው ውስጥ ማንበባቸውን ይጠቅሳሉ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ስህተቱ፤ የቀረው ከእሱ የተከተለ ነው። በማካፈል እንሂድ ካልን በእርግጥ አይሆንም። እስከ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት ድረስ መሞከር ቢበቃም፣ ያ ስኩዌር ሩት ራሱ 20 ሚሊዮን ተኩል ያህል አኃዝ አለው። ነገር ግን ለመርሴን ቁጥሮች ሉካስ የጀመረው፣ አሜሪካዊው ሌህመር በ1930ዎቹ ያጠናቀቀው ፈተና አለ፤ የሉካስ-ሌህመር ፈተና ይባላል። አሠራሩ ይኸው። ከ4 ጀምሩ። ቁጥሩን በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ። ውጤቱን ለሚፈተነው ቁጥር አካፍሉና ቀሪውን ብቻ ያዙ። ይህንኑ ከአርቢው በ2 ለሚያንስ ጊዜ ደጋግሙት። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ 0 ካልመጣ አይደለም። አርቢው ጎዶሎ ፕራይም እስከሆነ ድረስ በሁለቱም በኩል የተረጋገጠ ቲዎረም ነው፤ ለመላምት የሚተው ቀዳዳ የለውም።

በ127 እንየው። አርቢው 7 ስለሆነ አምስት ጊዜ እንደግማለን። 4 × 4 − 2 = 14። 14 × 14 − 2 = 194፤ ለ127 ሲካፈል 67 ይቀራል። 67 × 67 − 2 = 4,487፤ ቀሪው 42። 42 × 42 − 2 = 1,762፤ ቀሪው 111። 111 × 111 − 2 = 12,319፤ ይህም በትክክል 97 × 127 ነው፣ ቀሪው 0። 127 ፕራይም ነው፤ በ3ም በ5ም በ7ም አላካፈልነውም። ይህንኑ በ2,047 ላይ ብታደርጉት ቀሪዎቹ በተራ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282 እያሉ ሄደው ዘጠነኛው ላይ 1,736 ይሆናሉ። 0 አይደለም፤ ስለዚህ 2,047 ፕራይም አይደለም። ፈተናው 23ንም 89ንም ሳያይ እውነቱን ተናገረ። አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከታተለው ደስ ይለኛል፤ ለትልቁ ቁጥር የተደረገው ይኸው ስሌት ነውና። ልዩነቱ ድግግሞሹ 136,279,839 መሆኑ፣ በእያንዳንዱም ድግግሞሽ የሚባዛው ቁጥር እስከ 41 ሚሊዮን አኃዝ የሚደርስ መሆኑ ነው።

ቅርጹ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ቀሪውን ለማግኘት ማካፈል እንኳ አያስፈልግም። 4,487 = 35 × 128 + 7 ነው። 128 ለ127 ሲካፈል 1 ስለሚቀረው፣ 35 እና 7ን መደመር ብቻ ይበቃል፤ 42። ከላይ ያገኘነው ቀሪ ነው። ኮምፒውተር ቁጥሮችን በ2 መሠረት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ስለሚጽፍ ይህ ለእሱ ቁጥሩን ለሁለት ቆርጦ ክፍሎቹን ከመደመር ያለፈ ሥራ የለውም። ሌላ ቅርጽ የሌለው፣ እንዲሁ በዕጣ የተወሰደ 41 ሚሊዮን አኃዝ ያለው ቁጥር ቢሰጠን ፕራይምነቱን ልናረጋግጥ የምንችልበት መንገድ የለንም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በአንድ ሚሊዮን አኃዝ ደረጃ እንኳ ማረጋገጥ እስካሁን አልተቻለም።

«ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከእውነተኛ ነገር ነው የመጣው፤ ጸሐፊው ግን የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የነገሩን። ፍለጋውን የሚያካሂደው ጂምፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ነው፤ ጆርጅ ዎልትማን በ1996 ነው የመሠረተው። ፕሮጀክቱ አሁን ሁለት ደረጃ ይጠቀማል። የመጀመሪያው በፌርማ ቲዎረም ላይ የተመሠረተ ማጣሪያ ነው፤ ፕራይም የሆነ ሁሉ ያልፈዋል፣ አልፎ አልፎ ግን ፕራይም ያልሆነም ሊያልፈው ይችላል። 341 ለምሳሌ በ2 ሲፈተን ያልፋል፤ ግን 11 × 31 ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ያለፈ ቁጥር «ፕራይም ሳይሆን አይቀርም» ይባላል። 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ይህን ያለፈው ኦክቶበር 11 ቀን ሲሆን ስሌቱ የተሠራው ደብሊን፣ አየርላንድ ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ነው፤ አግኚው የቀድሞ የኤንቪዲያ ሠራተኛ ሉክ ዱራንት ነው። በማግስቱ ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ውስጥ ባለ ሌላ ማሽን የሉካስ-ሌህመር ፈተና ተጠናቆ ፕራይምነቱ ተረጋገጠ። ከዚያም በተለያዩ ሶፍትዌሮችና በተለያዩ ማሽኖች ተደጋግሞ ከተሠራ በኋላ ነው ኦክቶበር 21 ይፋ የሆነው። ጸሐፊው ያነበቡት የኦክቶበር 11ዱን ቃል ነው። የኦክቶበር 12ቱን ሳይነግሩን «ግምት ነው» ማለታቸው በጽሑፉ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ነው፤ የሰዎቹ ጥንቃቄ እንደ ድክመት ተቆጥሮባቸዋልና።

ከግዝፈቱ በቀር ምንም አይታወቅም የሚለውስ? ቁጥሩን ሳንዘረዝር የምናውቀውን ልዘርዝር። በ2 መሠረት ሲጻፍ 136,279,841 ጊዜ ተከታታይ 1 ነው፤ አንድም 0 የለበትም። በአሥር መሠረት የመጨረሻ አኃዙ 1 ነው፦ ሁለቶች ሲባዙ የውጤቱ መጨረሻ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት ይዞራል፤ 136,279,841 ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚቀር ውጤቱ በ2 ያልቃል፣ 1 ሲቀነስ 1። በተመሳሳይ መንገድ የመጨረሻ ሁለቱ አኃዞች 51 ናቸው። ለ3፣ ለ5 ወይም ለ11 ብታካፍሉት ይቀረዋል 1፤ ለ7 ብታካፍሉት 3፤ ለ13 ብታካፍሉት 5። 41 ሚሊዮኑን አኃዞች አንድም ሳናይ ድምራቸው ለ9 ሲካፈል 4 እንደሚቀረው እናውቃለን። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ መሥራት ይቻላል።

በሎጋሪዝም ደግሞ ከፊት በኩል ያሉትን አኃዞች ማወቅ ይቻላል፤ ቁጥሩ 88169 ብሎ ነው የሚነሳው። ሌላም አለ። ዩክሊድ እንዳሳየው እያንዳንዱ የመርሴን ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል፤ ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ በታች ያሉ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ነው። 6 = 1 + 2 + 3፤ 28 = 1 + 2 + 4 + 7 + 14። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ደግሞ ተጋማሽ የሆኑ ፍጹም ቁጥሮች ሁሉ ከዚህ ውጭ ምንጭ እንደሌላቸው አረጋገጠ። ስለዚህ በኦክቶበር 2024 አብሮ 82,048,640 አኃዞች ያሉት አዲስ ፍጹም ቁጥር ታውቋል፤ ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አያነሳም። ጎዶሎ የሆነ ፍጹም ቁጥር ይኑር አይኑር ግን እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። የመርሴን ፕራይሞች ማለቂያ የሌላቸው መሆን አለመሆናቸውም እንዲሁ። የማናውቀውን መጻፍ ከተፈለገ መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር።

ፕራይሞች ሕግ የላቸውም የሚለውን ባጭሩ ልለፈው፤ መልሱ የታወቀ ነው። ቀጣዩ ፕራይም የት እንዳለ በቀላሉ የሚነግር ቀመር በእጃችን የለም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። በጅምላ ሲታዩ ግን ሥርዓታቸው የሚገርም ነው። እስከ 100 ድረስ 25፣ እስከ 1,000 ድረስ 168፣ እስከ 10,000 ድረስ 1,229፣ እስከ 1,000,000 ድረስ 78,498 ፕራይሞች አሉ። እየሳሱ የሚሄዱበት መጠን በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም እንደሚገዛ የሒሳብ ሊቃውንቱ ሀዳማር እና ዴላቫሌ ፑሳን በ1896፣ አንዱ ከሌላው ሳይጠብቅ፣ አረጋግጠዋል። ይህን ይዘን በትልቁ ቁጥር አካባቢ በአማካይ ከ94 ሚሊዮን ያህል ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ ፕራይም እንደሆነ መናገር እንችላለን። ሕግ የሌለው ነገር እንዲህ አይተነበይም።

ስለ ብክነት የተነሳውን ስጋት አላጣጥለውም። ለዚህ ግኝት በ17 አገሮች የተበተኑ በሺህ የሚቆጠሩ ግራፊክስ ፕሮሰሰሮች ሠርተዋል፤ ኤሌክትሪክ ነጻ አይደለም። ቁጥሩ ራሱም ዛሬ ለምንም ተግባር አይውልም፤ ይህን የሚደብቅ የሒሳብ ሰው የለም። ሆኖም ጸሐፊው ፍለጋው ያስገኘውን አልመዘኑም። ግዙፍ ቁጥሮችን ፈጥኖ የማባዛት ዘዴ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው ሲፈተንና ሲሳል የኖረው። ሌላም ጥቅም አለው። በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር በማካፈል ላይ ስህተት እንዳለበት የተደረሰበት ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የሒሳብ መምህር መንትያ ፕራይሞችን (በ2 ብቻ የሚለያዩ ጥንዶችን) ሲያሰሉ ውጤታቸው አልገጥም ብሏቸው ነው። የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች ችግርም በ2016 የታየው የጂምፕስ ፕሮግራም ሲሠራባቸው ነው። አንዲት አኃዝ እንኳ እንድትዛነፍ የማይፈቅድ ስሌት ለማሽን ከባድ ፈተና ነው። ይህ ዋጋውን ያክላል ወይስ አያክልም የሚለው ለክርክር ክፍት ነው፤ «ዜሮ ጥቅም» የሚለው ግን ከመረጃው ጋር አይሄድም።

የባንኩን ነጥብ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት አንባቢን በቀጥታ ሊያሳስት የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው። ጽሑፉ ቁጥሩን ያወቀ ሰው የባንኮችን ምስጢር መክፈት ይችላል፣ ስለዚህም የቁጥሩ ይፋ መሆን አደጋ ነው ይላል። ይህ ፈጽሞ ስህተት ነው።

ሪቬስት፣ ሻሚር እና አድልማን በ1977 የቀየሱት አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ዘዴ ፕራይሞችን ይጠቀማል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ዛሬ በተለመደው መጠን አንድ ቁልፍ ሲዘጋጅ እያንዳንዳቸው 309 አኃዝ ገደማ ያላቸው ሁለት ፕራይሞች በዕጣ ይመረጡና ይባዛሉ። 617 አኃዝ ያህል ያለው ብዜት ለማንም ክፍት ነው፤ ምስጢሩ የትኞቹ ሁለት ፕራይሞች እንደተባዙ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ፕራይም ማንም የማያውቀው ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የመርሴን ፕራይም ቁልፍ ውስጥ ማስገባት ምስጢሩን በአደባባይ መስቀል ነው፤ 52ቱን አንድ በአንድ እያካፈለ የሚሞክር ሰው ወዲያው ይደርስበታል። መጠኑም አይመጣጠንም፦ የቁልፉ ብዜት 2,048 ቢት (በ2 መሠረት ሲጻፍ 2,048 አኃዝ) ሲሆን ትልቁ ፕራይም ብቻውን ከ136 ሚሊዮን ቢት በላይ ነው።

ፕራይሞቹ ያልቃሉ የሚል ስጋትም ከጽሑፉ ውስጥ ይነበባል። አያልቁም። በዚያ መጠን ካሉ ጎዶሎ ቁጥሮች በአማካይ ከ355 አንዱ ፕራይም ነው፤ ስለዚህ ማሽን አዲስ ፕራይም ለማግኘት በጣም አጭር ጊዜ ይበቃዋል። ብዛታቸውም ከ300 በላይ አኃዝ ባለው ቁጥር የሚገለጽ ስለሆነ ሁለት ሰዎች በትክክለኛ ዕጣ አንድ ዓይነት ፕራይም የማውጣታቸው ነገር ሊታሰብ የሚገባ አይደለም። ደኅንነቱ የሚጠበቀው በማባዛትና መልሶ በመለየት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ማባዛት ቅጽበት ነው፤ መለየት ግን 250 አኃዝ ላለው አርኤስኤ-250 ለተባለው የመፈተኛ ቁጥር እንኳ እስከ 2020 ድረስ አልተሳካም፣ ሲሳካም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ ሠርተው ነው።

በምስጠራ ውስጥ በይፋ የሚሠራ የመርሴን ፕራይም አለ፤ 2⁵²¹ − 1 ነው፣ ፒ-521 በተባለው የኤሊፕቲክ ከርቭ ዘዴ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን እዚያ ፕራይሙ በመመሪያው ላይ ታትሞ ለሁሉም የተሰጠ ነው፤ የሚደበቀው ተጠቃሚው በዕጣ የሚያወጣው ሌላ ቁጥር ነው። የተመረጠውም ከላይ በ127 ላይ ባየነው ምክንያት፣ ቀሪውን በመደመር ብቻ ማግኘት ስለሚቻል ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ ስለ ባንኮች በጻፉት አንቀጽ ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ቀጥሎ የኦክቶበር 12ቱን ማረጋገጫ ያክሉበት፤ ከዚያም 2,047ን ከ127 ጎን ያስቀምጡት።